ብረት ራቁቱን አያድርም

ፓምፑ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያቃስት ሰነበተ፣
ከብርጭቆው ሆድ ውስጥ አየሩን እየጎተተ።
ደብረ ማርቆስ፣ ምድር ቤት፤
አንዲት የብረት ቁራጭ፣ የጥፍሬን የምታህል፣
በእሳት የታጠበች፣ በእሳት የተላጨች፣
ከባዶው መካከል ራቁቷን ተቀምጣለች።

«እንዳትተነፍሺ» ይለኛል አቶ እንዳላማው፣
ዓይኑ ከመርፌው ላይ፤ ቀልዱን ነው።

ከዚያ መብራት ሄደ።
እንደ ማክሰኞው። እንደዚያኛውም ማክሰኞ።
ፓምፑ አንዴ ሳል አለና ጸጥ፤
ክር በምታህል ስንጥቅ አየሩ ሾልኮ ገባ፣
ማንንም ሳይጠይቅ።

መጀመሪያ አንዲት ኦክስጅን አረፈች፤
ተንሸራተተች፣ ጎድጎድ ያለ ስፍራ ፈለገች፣
ለሁለት ተሰንጥቃ እዚያው ተጣበቀች።
ቀጥላ ሌላዋ። ቀጥላ ሌላዋ።
እንደ ቢቸና ገበያ ነው፦ ቀድሞ የደረሰ
መልካሙን ቦታ ይዞ ይቀመጣል፣
የዘገየው በጎኑ ይሻጣል፣
ከዚያ ወዲያ የመጣ በሰው ትከሻ ላይ ይወጣል።
የታችኛው ሥር ሰዷል፣ በእሳት ካልሆነ አይነቀልም፤
የላይኛው እንግዳ ነው፣
ጥቂት ሲሞቀው ተነሥቶ ይሄዳል።

«ስንት ጊዜ ፈጀባት?» አልሁት በጨለማው።
«አንድ ጊዜ ከማስነጠስ ያነሰ።»
ሦስት ቀን ያጠብናት!

ቢቸና ላይ አባቴ ስንሻው ብረት ይቀጠቅጣል።
ማረሻውን ገዢ ያመሰግናል፣ ያገላብጣል፣
ብሩን ግን ከድንጋዩ ላይ ያስቀምጣል፤
እጅ ከእጅ እንዳይነካ።
ከዚያ ድንጋይ ላይ ብሩን የማነሣው እኔ ነበርሁ።
«ሕፃኑን ሸፍኚው» ይባባላሉ ስናልፍ፤
ዝቅ ብለው፣ እንዳንሰማ፣ እንድንሰማም።
ቃል ቀላል ነገር ነው፤ አንዱ ብቻውን ሲያርፍ አይታይም፤
ሲደራረብ ግን ቀለም ያወጣል።

ቀለሙንስ ከአባቴ ወዲያ ማን ያውቃል?
ብረት ሲግል ቆዳው ላይ ስስ ልብስ ያበቅላል፤
ልብሱ በወፈረ ቁጥር መልኩ ይለወጣል፦
መጀመሪያ ገለባ፣
ከዚያ ወይን ጠጅ፣
ከዚያ ሰማያዊ።
አባቴ ገለባው ላይ ሲደርስ ውኃ ይነክረዋል።
«ሰማያዊ ካለ ለዘበ፤ ድንጋይ ሲያገኘው ይታጠፋል።»
የፀጉርን ሺኛ ውፍረት በዓይኑ ይለካል፣
ፊደል ያልቆጠረ ሰው።
እኛ ለዚያ መሣሪያ ገዝተን ነበር፤
ተበላሽቶ ከመጋዘን ተቀምጧል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ፣ ያልተሸጠውን ማረሻ ሁሉ
ደርድሮ በጨርቅ ኑግ ዘይት ይቀባዋል።
«ብረት ራቁቱን አያድርም፣ ልጄ፤
አንቺ ካላለበስሽው ዝገት ያለብሰዋል።»
ያኔ ተረት መስሎኝ ነበር።
ዛሬ ግን ዓይኔን ስጨፍን አያታለሁ፦
የዘይቷ ሞለኪውል ራሷን ከብረቱ ትቀብራለች፣
ጅራቷን ወደ ላይ ትሰቅላለች፤
በጎኗ እኅቷ፣ በእኅቷ ጎን ሌላ፣
እልፍ ሆነው፣ እንደ ደረሰ የጤፍ ማሳ ጥቅጥቅ ብለው ይቆማሉ።
የሐምሌ ዝናብ መጥቶ
መርገጫ ያጣል፤
ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል።
አንዲት እርከን ናት።
አንዲት ብቻ።

ማታ መብራቱ ተመለሰ።
ብርጭቆውን ከፍተን ቁራጯን አወጣኋት፤
አሁንም ታበራለች፣ ያረፈባት አይታይባትም።
ከእንግዲህ ምን ቀራት ብዬ ጓንቴን አወለቅሁ፣
በባዶ አውራ ጣቴ ነካኋት፤
የጣቴ ወዝ፣ የጣቴ መስመር ቀረባት።
አጠገባችን ጠረጴዛ ነበር።
ልማድ ነው፤ እጄ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ ላስቀምጥለት፣
ከዚያ እንዲያነሣው።
አቶ እንዳላማው የማን ልጅ እንደሆንሁ አይጠይቅም፤
ይወቅ አይወቅ እንጃ።
መዳፉን ዘርግቶ
ይጠብቃል።